ሁለተኛው እጢ ከየት መጣ? የትልቁ አንጀት ካንሰር ከአንድ በላይ ሆኖ ሲገኝ

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ሳይሰማው አይቀርም፦ «ቢላ ባይነካው ኖሮ እኮ ዛሬም ይኖር ነበር። ቀደው ነካኩትና ተሠራጨ።» ሟቹ ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ የአንጀት እጢ አስወጥቷል። ተሽሎት ተመልሶ ሁለት ሦስት መኸር አርሷል፣ አጭዷል፣ ወቅቷል። ከዚያ እንደገና ሆዱን ያዘው፣ ሌላ እጢ ተገኘበት፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁለቱን ነገር አገናኝቶ ጥፋተኛውን ለየ፤ ቢላው ነው።

እኔን ከፍርዱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ከፍርዱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እዚያው ድንኳን ጥግ የተቀመጠ ሌላ ሰው፣ ምናልባት የሟቹ ወንድም፣ ሰገራው ላይ ደም ማየት ከጀመረ ወራት አልፎታል። ለማንም አልተናገረም። ያንን ፍርድ ሲሰማ «እኔስ አልቀደድም» ብሎ በልቡ ይወስናል። በዚህች ዝምታ የሚጠፋው ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው እጢ ከየት እንደሚመጣ ረጋ ብለን እንየው። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም።

ለመሆኑ የትኛው አንጀት ነው?

በግ አርዶ የሆድ ዕቃ ያወጣ ሁሉ ቀጭኑን አንጀት ከወፍራሙ ለይቶ ያውቃል። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ወፍራሙ ነው። የሰው ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከሆዳችን በስተቀኝ፣ ከታች ይጀምርና ወደ ላይ እስከ ጉበት ይወጣል፣ በጨጓራ ሥር አድርጎ ወደ ግራ ይሻገራል፣ በግራ ጎን ወርዶ ፊንጢጣ ላይ ያበቃል። ዋና ሥራው ከምግብ ዝቃጩ ውኃውን መጥጦ ሰገራውን ማጠንከር ነው።

የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ነው። አሮጌው ሴል ይረግፋል፣ አዲሱ ይተካል። ይህ ሁሉ መተካካት ባለበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ስህተት ይፈጠራል፤ መቆም የነበረበት ሴል ሳይቆም መባዛቱን ይቀጥልና ትንሽ እብጠት ያወጣል። አንዳንዱ እንደ እንጉዳይ አንገት አለው፣ አንዳንዱ ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ነው። ይህ ፖሊፕ ይባላል። ፖሊፕ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር ሳይሆን ይቀራል። ከፊሉ ግን ስህተት በስህተት ላይ እየጨመረ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ፈጅቶ፣ የአንጀቱን ግድግዳ ሰብሮ ወደ ውስጥ መዝለቅ ይጀምራል። ካንሰር የሚባለው ይህ ግድግዳ መስበሩ ነው። እጢ የሚለው ቃላችን ለሁሉም ዓይነት እብጠት ስለሚነገር፣ «እጢ አለብህ» የተባለ ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም።

ያችን 10 ዓመት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሁለት እጢ ተገኘ ማለት ተሠራጨ ማለት ነው?

የጅሩን ስንዴ አስቡ። በዚያ ጥቁር መረሬ ላይ የሚያርስ ገበሬ፣ አረም አንዴ ከጠፋ በኋላ እንዴት እንደሚመለስ ከማንም በላይ ያውቃል። አመላለሱም አንድ ዓይነት አይደለም።

አንደኛው ሰርዶ ነው። ነቅዬ ጨረስኩት ሲል፣ አፈር ውስጥ የቀረች ቁራጭ ሥር ከዚያው ቦታ መልሳ ታቆጠቁጣለች። በካንሰር ይህ ማገርሸት ነው። እጢው በወጣበት ቦታ ወይም አጠገቡ በዓይን የማይታዩ ሴሎች ቀርተው፣ ያው የመጀመሪያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ዘሩ የሄደ አረም ነው። ላይኛው ማሳ ላይ ያፈራ ሲናር ፍሬውን ጎርፍ ይወስደውና ታችኛው ማሳ ላይ ይበቅላል። የታችኛው የላይኛው ልጅ ነው። ይህ ሥርጭት ነው። ከአንጀት የሚነሳው አብዛኛው ደም በቅድሚያ የሚያልፈው በጉበት በኩል ስለሆነ፣ የአንጀት ካንሰር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚዘራው ጉበት ላይ ነው፤ ሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ይከተላሉ። ጉበት ላይ የተገኘው እንዲህ ያለው እጢ የጉበት ካንሰር አይደለም። ጉበት ላይ የበቀለ የአንጀት ካንሰር ነው፤ መድኃኒቱም የሚመረጠው በአንጀቱ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። ገበሬው የመጀመሪያውን አረም ከነሥሩ ነቅሎታል፤ ፍሬውም አልረገፈም። ግን በዚያው ማሳ በሌላው ጥግ፣ ቀድሞውኑ አፈር ውስጥ ተኝቶ የነበረ ሌላ ዘር በራሱ ጊዜ በቀለ። ከፊተኛው ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። የሚጋሩት መሬቱን ብቻ ነው። በአንድ ሰው አንጀት ውስጥ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ፖሊፕ ተነሥቶ ያደገ ሁለት ካንሰር ሊኖር ይችላል። ሦስትም የተገኘበት ሰው አለ።

ሐኪሞች ይህን ሦስተኛውን ዓይነት በጊዜ ይከፍሉታል። ሁለቱ አንድ ላይ፣ ወይም በስድስት ወር ውስጥ ተከታትለው ከተገኙ አብሮ የተገኘ ይሉታል። ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከ10 እና ከ15 ዓመት በኋላ ሲመጣ ደግሞ ተከታይ ነው። ስድስት ወር የተባለው ለሥራ እንዲያመች የተቀመጠ ድንበር ነው። ተከታይ ከተባሉት ውስጥ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ምርመራ ወቅትም እዚያው ነበሩ፤ ያየ ዓይን ግን አልነበረም።

እንዴት ይለዩታል?

ሥራው የፓቶሎጂስቱ ነው፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም። እስካሁን የሚሠራበትን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1932 ያስቀመጡት ዋረን እና ጌትስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። መለኪያው ሦስት ነገር ይጠይቃል። እያንዳንዱ እጢ በራሱ ካንሰር መሆኑ ይረጋገጥ፤ በመካከላቸው ጤነኛ ሥጋ ኖሮ ተለያይተው ይገኙ፤ አንዱ ከሌላው የተዘራ ሊሆን እንደማይችል ይታይ።

ሦስተኛውን ማሳየት ከባድ ይመስላል፤ ግን ምልክት አለው። እዚያው የበቀለ ካንሰር ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ተነሥቶ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ብዙ ጊዜም ጠርዙ ላይ የተነሣበት ፖሊፕ ቅሪት ይታያል። ከሌላ ቦታ ተዘርቶ የመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡ ሽፋን ተገፍቶ ይገኛል እንጂ የመነሻ ፖሊፕ የለውም። የሁለቱን እጢዎች የዘረመል ስህተት ማወዳደር የሚችል ላብራቶሪ ሲኖር ደግሞ ነገሩ እንደ አሻራ ይለያል።

ልዩነቱ ለታማሚው ምን ይጠቅመዋል?

እንበልና ከእነዋሪ አካባቢ የመጣ 50 ዓመት የሞላው አባወራ ነው። ደብረ ብርሃን ታይቶ በሪፈር አዲስ አበባ ገባ። ምርመራው አለቀና በኮሪደሩ ላይ ለልጁ «ሁለት ቦታ ላይ አለ» ተባለ። ልጁ ይህን ስልክ ደውሎ ለአጎቱ ይነግራል፤ አጎቱ ለቤተ ዘመድ ይነግራል። እነዋሪ ሲደርስ ነገሩ «አልቆለታል፣ ሰውነቱን ሞልቶታል» ሆኗል። በማግስቱ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፦ «ጋሼን ሰው አገር አታንገላቱት፤ አምጡትና ቀኑን ቤቱ ይጠብቅ፤ ጸበሉም እዚሁ አለ።»

ፍቅር ነው እንዲህ የሚያስብላቸው፤ በዚያ አልጠራጠርም። ግን ሁለቱ እጢዎች ለየብቻ የበቀሉና ገና ያልተዘሩ ከሆነ፣ እኚህ ሰው ሊድኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ዘር ሆኖ ሌላ አካል ላይ ቢገኝ ኖሮ ደረጃው አራተኛ ይባል ነበር። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ እጢዎች ሲሆኑ ግን ደረጃቸው አይደመርም። አንደኛ ደረጃ እና ሁለተኛ ደረጃ ተደምሮ ሦስተኛ አይሆንም። የታማሚውን ተስፋ የሚወስነው ከሁለቱ ጠልቆ የገባው ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ደረጃው እኩል ከሆነ አብረው የተገኙ ሁለት እጢዎች ያሉበት ሰው ዕድል አንድ እጢ ካለበት ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ «ሁለት ቦታ አለ» የሚለውን ቃል የሰማ ቤተሰብ ተመልሶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ሁለተኛው የመጀመሪያው ዘር ነው ወይስ ራሱን ችሎ የበቀለ? ሐኪሙ ሥራ በዝቶበት ተጣድፎም ቢሆን፣ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ቀጠሮውንም ይዞ መሄድ ይችላል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ምን ያህል ሰው ላይ ይታያል?

የትልቁ አንጀት ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ሦስተኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ላይ አዲስ ተገኝቷል። ከእነዚህ ታማሚዎች ከ100 ውስጥ ከሁለት እስከ አምስት በሚሆኑት ላይ በዚያው ጊዜ ሌላ ካንሰር በሌላው የአንጀት ክፍል ይገኛል። ካንሰር ያልሆነ፣ ግን ካንሰር ሊሆን የሚችል ፖሊፕ ደግሞ ከሦስቱ ታማሚ በአንዱ ገደማ ላይ አለ። ቀዶ ሕክምና አድርገው ከዳኑት መካከልም በቀጣዮቹ ዓመታት ከ100 ጥቂቶቹ አዲስ ካንሰር ያበቅላሉ።

ከ100 ሦስት ወይም አራት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ለሁለተኛው እጢ ምንም የተለየ ምልክት አይኖራቸውም፤ ደሙም ሕመሙም ለአንደኛው ይቆጠራል። ሆን ተብሎ ካልተፈለገ የሚያስታውሰው የለም።

መሬቱን ምን ያበላሸዋል?

ከአንድ በላይ ካንሰር ያበቀለ አንጀት፣ ችግሩ እጢው ላይ ብቻ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ በሙሉ እንደሆነ ይናገራል። ዕድሜ አንዱ ነው። ሲጋራ፣ አልኮል መጠጥ ማብዛት፣ ውፍረት፣ ቀይ ሥጋ ማዘውተር፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ዕድሉን ይጨምራሉ። ለብዙ ዓመት አንጀትን የሚያቆስል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ፤ የቆሰለ ሽፋን ያለ ዕረፍት ስለሚታደስ ስህተቱ ይበዛል።

እነዚህን አልፌ ወደ ዘር ልሂድ። ሁለት እጢ የተገኘበት ሰው፣ በተለይ ወጣት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነውና።

ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ አስቡ። የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ፊደል ይዘላል፣ መስመር ይደግማል። ስለዚህ አራሚ አለ፤ የተጻፈውን ከዋናው ጋር እያስተያየ ስህተቱን ይፍቃል፣ ያቃናል። በሰውነታችን ውስጥም ሴል ሲባዛ የዘር መልእክቱን ይገለብጣል፤ ከኋላው የሚያርሙ አሉ። ዋነኞቹ አራሚዎች አራት ሲሆኑ ሳይንሱ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 ይላቸዋል። ከአባቱ ወይም ከእናቱ የተበላሸ አራሚ የወረሰ ሰው፣ ስህተቱ ሳይታረም መጽሐፉ መባዛቱን ይቀጥላል። ይህ ሊንች ሲንድሮም ይባላል፤ ከ30 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች አንዱ ገደማ ይህ አለበት። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ፖሊፕ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ያ 10 ዓመት እጅግ ሊያጥር ይችላል። የታመመው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ከወጣም በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 16 የሚሆኑት ሁለተኛ የአንጀት ካንሰር ያበቅላሉ። ሴቶች ላይ የማሕፀን ካንሰር፣ በሁለቱም ፆታ የሽንት ቱቦና የጨጓራ ካንሰር ሊከተል ይችላል።

የዚህ እውቀት አጀማመር ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን ለሚባል ፓቶሎጂስት ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት ነበረች። ቤተሰቧ ብዙው በአንጀትና በማሕፀን ካንሰር እንዳለቀ፣ እርሷም ከዚያ እንደማታመልጥ ነገረችው። እንዳለችውም በወጣትነቷ በማሕፀን ካንሰር ሞተች። እርሱ ግን ነገሩን ተራ ወሬ ብሎ አልተወውም፤ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ እየተከተለ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመው። ለብዙ ዓመት ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሄንሪ ሊንች የተባለ ሐኪም ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ጽፎ እንደገና አነሣው፣ ስሙም በእርሱ ቀረ። ሁሉም የተጀመረው አንዲት ልብስ ሰፊ የቤተሰቧን ሞት ሳታፍር ስለተናገረች ነው።

እኛ ጋ ይህ ይከብዳል። «የእነ እገሌ ቤት በሆድ በሽታ ያልቃል» የሚለው ወሬ ልጅ ሲዳር የሚነሣ ወሬ ነው፤ ስለዚህ ይደበቃል። አባት በምን እንደሞተ ልጅ አያውቅም፤ «ሆዱን አሞት» ብቻ ነው የሚባለው። አንዳንዱ በቡዳ ያሳብባል፣ አንዳንዱ በእርግማን። ሚስጥሩን የሚጠብቀው ቤተሰብ ስሙን አተረፍኩ ሲል ልጆቹን ያጣል፤ ልጅ የተበላሸውን አራሚ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነውና። ያልወረሰው ልጅ ለልጆቹ አያስተላልፍም። «የዘር በሽታ» ማለት ቤቱ ሁሉ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም።

ሌላም የሚወረስ አለ፤ ቁጥሩ ከሊንች ያንሳል፣ መልኩ ግን ይከፋል። በጉርምስና ዕድሜ አንጀቱ ውስጥ መቶዎች፣ ሺዎች ፖሊፖች የሚፈሉበት ሰው አለ። ከእነዚያ ሁሉ አንዱ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም፤ ሕክምና ካላገኘ በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ሳይታመም የሚያልፍ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ሰው መፍትሔው ካንሰሩ ሳይመጣ ትልቁን አንጀት ማስወጣት ነው።

ሐኪሞች ሁለተኛውን እንዴት ይፈልጉታል?

በኮሎኖስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራና መብራት ያለው፣ የሚተጣጠፍ ረጅም ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀቱን እስከ መጨረሻው ያያል። ፖሊፕ ካገኘ እዚያው ይቆርጣል፤ የሚያጠራጥር ነገር ካየ ናሙና ይወስዳል። ጣት አስገብቶ ማየትና አጭሩ መሣሪያ የሚደርሱት የመጨረሻው ክፍል ድረስ ነው። በእነርሱ ብቻ የተመረመረ ሰው ቀኙ አንጀቱ ገና አልታየም።

ከምርመራው በፊት ያለው ቀን ያስቸግራል። አንጀቱ ሙሉ በሙሉ መጽዳት ስላለበት የሚያስቀምጥ መድኃኒት በብዙ ውኃ ይጠጣል። ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ስሜቱን ያውቀዋል። በኮሶ ግን አይተካም፤ መድኃኒቱም መጠኑም ሆስፒታሉ የሚሰጠው ነው። ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን የደፋ ሰው ራሱን ጎዳ፤ ሰገራ የሸፈነውን ፖሊፕ ካሜራው አያየውም።

የሚያስቸግረው እጢው መንገዱን ዘግቶ ሲገኝ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መኪና ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቋጥኝ ወርዶ መንገዱ ቢዘጋበት፣ ሾፌሩ የሚያውቀው እስከ ዋሻው ያለውን ነው። ከዋሻው ወዲያ፣ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ሌላ ናዳ ይኑር አይኑር ከቆመበት ሆኖ ሊናገር አይችልም። ግራ አንጀቱ በእጢ የተዘጋ ሰውም እንዲሁ ነው። ቱቦው አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለው አንድ ሜትር ሳይታይ ይቀራል። ሲቲ ስካን ይረዳል፣ ቀዶ ሐኪሙም በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ቀሪውን አንጀት በእጁ ይዳብሳል፤ ትልልቁ በዚህ ይገኛል፣ ትንሹ ግን ያመልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታማሚ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ያልታየው ክፍል በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት።

ከሁሉም ቀጠሮ ይህኛው በቀላሉ ይቀራል። ቁስሉ ሽሯል፣ ምግብ ተስማምቷል፣ ሥራው ተጠራቅሟል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ማደሪያ ፈልጎ፣ «ደህና ነኝ» እያሉ እንደገና መመርመር ለማንም ይከብዳል። ደህና የሆነው ግን የታየው ክፍል ነው።

ሁለት ከሆነስ ሁለት ጊዜ ይቀደዳል?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሁለቱ ከተቀራረቡ አንድ ቁራጭ ሆነው አብረው ይወጣሉ። ከተራራቁ ቀዶ ሐኪሙ በአንዱ ኦፕራሲዮን ሁለት ቦታ ቆርጦ ይቀጥላል፣ ወይም ትልቁን አንጀት በብዛት አውጥቶ ቀጭኑን ከፊንጢጣው ጋር ያገናኛል። ሊንች ያለበትና ገና ዕድሜ ያለው ሰው ከሆነ፣ ሦስተኛ እንዳይመጣ ይህ የመጨረሻው ይታሰባል። ከሁለቱ አንዱ ገና ፖሊፕ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ያለ ቢላ በኮሎኖስኮፒው ሊወገድ ይችላል።

ትልቁ አንጀት ወጥቶ ሰው ይኖራል ወይ? ይኖራል። ምግብ የሚመጠጠው በቀጭኑ ነው። ውኃ የሚመጥጠው ስለሌለ ሰገራው ይቀጥናል፣ በቀን ደጋግሞ መቀመጥ ይመጣል፤ ሰውነት ከጊዜ ጋር ይላመደዋል።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት መላውን አንጀት ማየት የሚጠቅመው። ሁለተኛው መኖሩ አስቀድሞ ከታወቀ እቅዱ ይለወጣል፣ ታማሚው አንዴ ተቀድዶ ይገላገላል።

ታዲያ ቢላ አያሠራጭም?

የድንኳኑን ፍርድ በቀላሉ ማጣጣል አልፈልግም፤ ሰው ያየውን ነው የሚናገረው። ያየው ግን ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ ነው። ሰዎቻችን ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። ሰገራ ላይ የታየ ደም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ በባህል መድኃኒት ወራት ይቆያል፤ የቀኝ አንጀት እጢ ደግሞ ደም ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን አድምቶ ሰውየውን ያገረጣዋል፣ ያደክመዋል። በቢላ ጊዜ ዘሩ ጉበት ላይ ደርሶ፣ ግን በምስል ለመታየት ገና ትንሽ የሆነበት ሰው አለ። ከወራት በኋላ ሲያድግ ይታያል፤ ቢላው ይወቀሳል።

እጢው በራሱ የበሳው ወይም በሥራ ላይ የተቀደደ አንጀት ሴሎቹ ሆድ ውስጥ ሊበተኑ ይችላሉ፤ ይህ እውነት ነው፣ ሐኪሞችም ያውቁታል። ስለዚህ ነው እጢውን ሳይነካኩ፣ ከዳርና ከዳር ጤነኛ አንጀት ጨምረው፣ ከነንፍፊቶቹ በአንድ ላይ የሚያወጡት። ያለ ቀዶ ሕክምና ግን ሥር የሰደደ የአንጀት ካንሰርን የሚያድን መንገድ ለአብዛኛው ታማሚ የለም።

ከአራት ዓመት በኋላ በሌላው የአንጀት ክፍል ስለበቀለው አዲስ እጢ ግን ቢላ የሚያውቀው ነገር የለም። እርሱ ያኔም ፖሊፕ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ያዙልኝ ያልኳችሁ 10 ዓመት እዚህ ላይ ትሠራለች፤ ፖሊፑ ካንሰር እስኪሆን የሚፈጀው ዕድሜ፣ ተመልሶ ላየው ሰው የተሰጠ ዕድሜ ነው።

ከዳኑ በኋላ መቼ መቼ መታየት ያስፈልጋል?

በብዙ አገር የሚሠራበት ልማድ እንዲህ ነው። መላው አንጀት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታይቶ ንጹሕ ከነበረ፣ የመጀመሪያው ኮሎኖስኮፒ በዓመቱ ነው። እርሱ ንጹሕ ከሆነ ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ። ፖሊፕ ከተገኘ ጊዜው ያጥራል። ሊንች ያለበት ሰው ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይታያል። በመሐል የሚደረገው የደም ምርመራና ሲቲ ስካን በዋናነት ማገርሸትንና ሥርጭትን ነው የሚፈልገው፤ አዲስ ፖሊፕ አያሳይም። «ደሜ ደህና ነው ተብያለሁ» ኮሎኖስኮፒን አይተካም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠውን ማጠቃለያና የናሙናውን ውጤት በፌስታል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ከመድኃኒት እኩል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያገኝ፣ የፊተኛው እጢ የት እንደነበረና ምን ዓይነት እንደነበረ የሚናገርለት ያ ወረቀት ነው። ያለ እርሱ አዲሱን ከአሮጌው መለየት ይከብዳል። የማህበረሰብ ጤና መድህን ያለው ደግሞ የሪፈር ወረቀቱን ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ ማስጻፍ እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ወንድምና እህትስ?

የአንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰው ዕድሜው ከ60 በታች ከሆነ፣ ወንድሞቹ፣ እህቶቹና ልጆቹ በ40 ዓመታቸው፣ ወይም እርሱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው መመርመር እንዲጀምሩ ይመከራል። በ45 ዓመቱ ከታመመ ታናሹ በ35 ዓመቱ ይታያል ማለት ነው። በሊንች ቤት ውስጥ ምርመራው ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ሊጀመር ይችላል። ፖሊፕ በሚፈላባቸው ቤቶች ደግሞ ልጆች ገና 10 ወይም 12 ዓመት ሲሞላቸው።

ይህን ለማስላት ሟቹ በስንት ዓመቱ እንደታመመ መታወቅ አለበት። የልደት ወረቀት የለም ማለት ግን ዕድሜ አይቆጠርም ማለት አይደለም። መንዝ ውስጥ አንዲት እናት «በ77ቱ ድርቅ ገና ጡት አልጣለም ነበር» ካለች፣ በ2012 ዓ.ም. የታመመው ልጇ ያኔ ከ35 እስከ 37 ዓመቱ ነበር። ታናሹ ከ25 እስከ 27 ባለው ዕድሜ መጀመር ነበረበት። ዛሬ ስንት ሆነው?